ከፈጠራ ሰዎች ጋር ስንቀመጥ መጀመሪያ ስለ ሐቅ እንጠይቅ



በዚህ ሴሚስተር ጀመዓችን አንድ አዲስ ፕሮግራም ሊጀምር አስቧል። ከቁርኣን ሒፍዝና ከሳምንታዊው ደርስ ጎን ለጎን፣ በወር አንድ ቀን ከፈጠራ ሰዎች ጋር ቁጭ ብለን ስለ ማኅበራዊና ስለ አካባቢ ፍትሕ እንወያያለን። እንግዳው ሠዓሊ ሊሆን ይችላል፣ አርክቴክት ሊሆን ይችላል፣ የራሱን ዘዴ ፈጥሮ የሞተ መሬት ያስነሳ ገበሬም ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ ለአባላት በቀረበ ጊዜ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ተነሳ። አንዱ ወገን “ይህ የኤንጂኦ አጀንዳ ነው፤ የጀመዓ ሥራ ዲን ማስተማር ነው” አለ። ሌላው ወገን ደግሞ “አካባቢ መጠበቁስ ጥሩ፤ ወሬው ግን ለምን አስፈለገ? ችግኝ ተክለን እንግባ” አለ። ሁለቱም በቅን ልብ የተነገሩ ናቸው። መልስ ግን ይፈልጋሉ፤ እንግዶቻችንን ምን ብለን እንደምንጠይቃቸው የምናውቀውም ከመልሱ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ፊቅህ የቀራ ሰው እንደሚያውቀው ኪታቡ ገና ሲከፈት የምናገኘው ስለ ጦሃራና ስለ ውኃ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውኃ ውዱእ ያደርጉ፣ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚደርስ ውኃ ደግሞ ገላቸውን ይታጠቡ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። አንድ ሙድ ሊትር አይሞላም። (በመስጂዱ ቧንቧ ሥር አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ላይ እስኪደርስ ስንት ሙድ እንደሚወርድ መለካት ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎቻችን ጥሩ የቤት ሥራ ነው።) ይሁንና ቁጠባው የጉዳዩ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል ውኃውና ሣሩ የማን ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ታሪካችን ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ ድንቅ ነገር አለው።

ከኢስላም በፊት በዐረቢያ፣ ኃይለኛ የጎሳ አለቃ ለም መስክ ላይ ሲሰፍር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ውሻ ያስጮህ ነበር ይባላል። ድምፁ እስከተሰማበት ድረስ ያለው ግጦሽ “ሒማ” ይሆናል፤ የሌላ ሰው ከብት አይገባበትም። የአለቃው ከብት ግን ከሒማው ውጭ ባለው መስክም ከሌላው እኩል ይግጣል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አሠራር አስቀሩት። ሒማ ለአላህና ለመልእክተኛው እንጂ ለሌላ እንደማይሆን ተናገሩ፤ ብዙ ዑለማዎች ይህን ሲያብራሩ፣ መስክ መከለል የሚፈቀደው ለሕዝብ ጥቅም ሲሆን ብቻ ነው ይላሉ።

ዑመር (ረ.ዐ) ኸሊፋ በነበሩ ጊዜ፣ ነፃ ያወጡትን ሁነይ የሚባል ሰው የሒማ ጠባቂ አድርገው ሾሙት። ሲሾሙት የሰጡት መመሪያ በቡኻሪ ተዘግቧል። የተበደለን ሰው ዱዓ እንዲፈራ አስጠነቀቁት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ሰው እንዲያስገባ አዘዙት። የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዲጠነቀቅ ነገሩት። ምክንያቱንም አስረዱት፦ የእነዚህ ሁለቱ ከብት ቢያልቅ የሚመለሱበት ተምርና እርሻ አላቸው፤ የድኻው ቢያልቅ ግን ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው ደጅ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ወርቅና ብር ከመስጠት ዛሬ ውኃና ሣር መስጠት ይቀላል። በመጨረሻም ሰዎቹ እንደተበደሉ ሊሰማቸው እንደሚችል፣ መሬቱ በጃሂሊያ የተዋጉለት፣ በኢስላምም ይዘውት የገቡት የራሳቸው አገር እንደሆነ አከሉበት።

ይህን መመሪያ ቀስ ብላችሁ አስቡት። ዐብዱረሕማንና ዑስማን ጀነት ከተበሰሩት ከዐሥሩ ሰሓባዎች ናቸው። ዑስማን (ረ.ዐ) የሩማን የውኃ ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች የሰጡ ሰው ናቸው። ስለዚህ ነገሩ ባለሀብትን መጥላት አይደለም። ዑመር (ረ.ዐ) ያዩት ሌላ ነው፤ መስክ ሲከለል የክልከላው ሸክም ወዴት እንደሚያጋድል። መሬቱ ማገገሙን ፈለጉት፤ ዋጋውን ድኻው ብቻ እንዲከፍል ግን አልፈለጉም። ዛሬ “የአካባቢ ፍትሕ” የሚባለው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። እና ይህ የኤንጂኦ አጀንዳ ከሆነ፣ ኤንጂኦ ከመፈጠሩ ከ1,300 ዓመት በፊት የነበረ አጀንዳ ነው።

“ችግኝ ተክለን እንግባ” ለሚለው ወገን ደግሞ የያኩባ ሳዋዶጎን ታሪክ እናቀርባለን።

ያኩባ በሰሜን ቡርኪና ፋሶ፣ በያቴንጋ ግዛት፣ ዋሂጉያ ከሚባለው ከተማ አጠገብ ባለች ጉርጋ በምትባል መንደር የኖሩ ሙስሊም ገበሬ ነበሩ። በልጅነታቸው ወደ ማሊ ተልከው በቁርኣን ትምህርት ቤት ተምረዋል። ካደጉ በኋላ በከተማው ገበያ ይነግዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ አካባቢውን ድርቅ መታው፤ ሰዉ መንደሩን እየለቀቀ ሲሄድ ያኩባ ንግዱን ትተው ወደ መሬቱ ተመለሱ።

መሬቱ ጠፍ ሆኖ ነበር። ላዩ እንደ ሸክላ ደርቋል፤ ዝናብ ቢዘንብ እንኳ ውኃው ሳይሰርግ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። በአካባቢው “ዛይ” የሚባል የቆየ ዘዴ ነበር፤ ትንንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ እዚያ ውስጥ ዘር መጣል። ያኩባ ይህን ወሰዱና ለወጡት። ጉድጓዱን ሰፋና ጠለቅ አደረጉት፤ ውስጡ ፍግና ቅጠላ ቅጠል ጨመሩበት፤ ቁፋሮውንም ዝናብ ሳይጠብቁ በበጋ ጀመሩት። ፍጉ ምስጥ ጠራ። ሌላ ገበሬ ምስጥ ሲያይ ያማርራል፤ እሳቸው ግን ምስጡ የደረቀውን አፈር እየበሳ ለውኃ መንገድ እንደሚከፍትላቸው አስተዋሉ። በተዳፋቱ ላይ የድንጋይ መስመር እየሠሩ ጎርፉን አዘገዩት። ማሽላው በቀለ። ከፍጉ ጋር የመጣው የዛፍ ፍሬም አብሮ በቀለ፤ ያኩባ ዛፉን አልነቀሉትም።

ጎረቤቶቻቸው “አብዷል” አሏቸው። በበጋ የሚቆፍር ማን አለ? እርሻቸውም በእሳት ተቃጠለ። እንደገና ጀመሩ። ከዓመታት በኋላ በዚያ ጠፍ መሬት ላይ 40 ሄክታር ገደማ የሚሆን፣ ከ60 በላይ የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያ ያለበት ጫካ ቆመ። ዘዴውንም ለራሳቸው አልያዙትም፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ ገበሬዎችን በግቢያቸው እየሰበሰቡ ዘር የሚለዋወጡበት፣ ዘዴ የሚማማሩበት የገበያ ቀን አዘጋጁ። ከብዙ መንደር ሰው መጣ። ያለ ክፍያ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሸለማቸው፤ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ወደ አኺራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለስብሰባ መክፈቻ የሚሆን ቆንጆ ታሪክ ነበር። አላለቀም። ዋሂጉያ ከተማ እየሰፋ መጣ። ማንም የማይፈልገው የነበረው መሬት አሁን አረንጓዴ ነው፤ ዋጋ አውጥቷል። ባለሥልጣናት አካባቢውን ለመኖሪያ ቤት ሸነሸኑት፤ የያኩባ ጫካም በሽንሸናው ውስጥ ገባ። ሰውየው በእጃቸው ያስነሱትን መሬት መልሰው ለመግዛት ገንዘብ ማፈላለግ ግድ ሆነባቸው። ጠፍ ሆኖ ሳለ የማንም ጥያቄ አልነበረበትም፤ ባለቤት የበዛለት ሲለመልም ነው።

እንግዲህ “ችግኝ ተክለን እንግባ” የሚሉ ወንድሞቻችን ይህን ይመልሱልን። የተከልነው የማን መሬት ላይ ነው? ከመትከላችን በፊት እዚያ ማን ከብት ያግጥ ነበር? ቢጸድቅ፣ ጥላው ለማን ይሆናል? ችግኝ መትከል ሶደቃ ነው፤ አንከለክልም፣ እንዲያውም እንወጣለን። ነገር ግን እነዚህን ሳይጠይቅ የተከለ ሰው፣ ሳያውቀው ለአዲስ አለቃ ሒማ እያጠረ ሊሆን ይችላል።

የሸሪዓና የሕግ ተማሪዎች እዚህ ላይ ብዙ የሚሉት እንዳለ እናምናለን። በፊቅህ ኪታቦች “ኢሕያኡል መዋት” የሚባል ምዕራፍ አለ፤ የሞተን መሬት ያስነሳ ሰው ባለቤት ይሆናል የሚለውን ሐዲስ መሠረት ያደረገ ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋ የመሪው ፈቃድ ያስፈልጋል ሲሉ፣ ሁለቱ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ፣ እንዲሁም ኢማም ሻፊዒይ አያስፈልግም ብለዋል። ክርክሩ ያረጀ ሊመስል ይችላል፤ ግን የያኩባ ጉዳይ በቀጥታ በዚህ መሐል የሚወድቅ ነው። በአገራችን ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ በዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ላመጣው ዘላቂ መሻሻል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ታዲያ ሃያ ዓመት ፍግ የተሸከመ ገበሬ ያደለበው አፈር በስንት ይተመናል? ቤት ቢሆን በካሬ ይቆጠራል፤ ቡና ቢሆን በእግር ይቆጠራል። የአፈር ሕይወት በምን ይቆጠራል? ከየከተሞቻችን ዳር የመጣችሁ ተማሪዎች ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። አንዳንዶቻችሁ በካሳው ገንዘብ የተማራችሁ ናችሁ።

ያኩባ በራሳቸው መሬት ላይ፣ ለራሳቸው ችግር መፍትሔ የፈጠሩ ሰው ናቸው። ለሌላ ሰው የሚፈጥር ባለሙያስ? የአርክቴክቸር ተማሪዎቻችን የሐሰን ፈትሒን ስም ሳይሰሙ አይመረቁም። ይህ ግብፃዊ አርክቴክት ድኻው ቤት መሥራት ያለበት ከውጭ በሚገባ ሲሚንቶና ብረት ሳይሆን ከእግሩ ሥር ባለው ጭቃ ነው ብሎ የተነሳ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ መንግሥት፣ በሉክሶር ማዶ በጥንት መቃብሮች ላይ ሰፍረው የነበሩትን የጉርና ነዋሪዎች ወደ አዲስ መንደር ሊያዛውር ሲነሳ፣ ዲዛይኑን ለሱ ሰጠው። ከአስዋን አካባቢ የኑቢያ ግንበኞችን አመጣ፤ እነሱ ያለ እንጨት ድጋፍ በጭቃ ጡብ ጣሪያ ማጉበጥ ይችሉ ነበር። መስጂድ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ቲያትር ቤት ሠራ። ዛሬም ፎቶውን ያየ ሰው ይደነቃል።

ነዋሪዎቹ ግን አብዛኞቹ አልገቡም። ኑሯቸው ከመቃብሮቹና ከጎብኚው ጋር የተያያዘ ነበር፤ አዲሱ መንደር ያማረ ቤት ሰጣቸው እንጂ እንጀራ አልሰጣቸውም። መዛወሩንም እነሱ አልጠየቁም። ጉልላቱ ራሱ መቃብር ያስታውሳቸው ነበር ይባላል። ሥራው ሳያልቅ ቆመ። ሐሰን ፈትሒ እ.ኤ.አ. በ1980 ያንኑ ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ ተቀበለ፤ ስለ ጉርና የጻፈው መጽሐፍም በዓለም ዙሪያ ይነበባል። የእኛ አስተያየት፣ ሐሰን ፈትሒ ትልቅ ሰው ነው፤ ትልቅነቱም የድኻን ቤት ክብር ያለው ሥራ አድርጎ በማየቱ ነው። ሆኖም ቅን ልብና ጥሩ እጅ አንድ ላይ ተገናኝተው እንኳ “ለመሆኑ መዛወር ትፈልጋላችሁ?” የሚለውን ጥያቄ ሊተኩት አልቻሉም። አርክቴክት ስንጋብዝ ስለ ጭቃው ከመጠየቃችን በፊት ስለዚህ እንጠይቀው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም በአዲስ አበባ ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ ላይ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የከተማው ቆሻሻ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል እዚያ ሲጣል ኖሯል። ከክምሩ ሥር ቤት ሠርተው የኖሩት ሰዎች ያንን ቆሻሻ አላመረቱትም፤ እኛ የጣልነውን ሲለቅሙ የኖሩ ናቸው። ስለ አካባቢ ፍትሕ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የከተማው ሰው ሁሉ የጣለው በድኻው ላይ ተደረመሰ።

ከዚሁ ከተማ ቆሻሻ ጥበብ የሚሠሩም አሉ። አርቲስት ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ ከሚገዟቸው ያረጁ የኮምፒዩተርና የስልክ አካላት፣ ከሽቦና ከሰርኪት ቦርድ ግዙፍ ሥራዎችን ይሠራሉ፤ ሥራዎቻቸው በውጭ አገር ሙዚየሞች ይታያሉ። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆነው በመካኒሳ ያቋቋሙት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው የጭቃና የጭድ ነው። ሄዳችሁ እዩት፤ የአባቶቻችን የግንብ ሙያ ምን ያህል ሊራቀቅ እንደሚችል ታያላችሁ። እንዲህ ያለ ሰው ጥሪያችንን አክብሮ ቢመጣ ደስታችን ነው።

ይሁንና ያ ሰርኪት ቦርድ መርካቶ ከመድረሱ በፊት በአንድ ሰው ጆንያ ውስጥ ነበር። ቆራሌው ነው ያመጣው። ጠዋት ጠዋት በየሰፈሩ “ቆራሌው!” እያለ የሚዞረው ወጣት፣ እኛ ዋጋ የለውም ብለን የጣልነውን ዋጋ አለው ብሎ ያነሳ የመጀመሪያው ሰው ነው። ብረቱን ከፕላስቲኩ፣ መዳቡን ከአልሙኒየሙ ይለያል፤ የቱ ዕቃ ምናለሽ ተራ የቱ ሱቅ እንደሚሄድ ያውቃል። ሽቦው ለመዳቡ ሲባል ሲቃጠል ጭሱን የሚተነፍሰውም እሱና መሰሎቹ ናቸው። ጁምዓ ዕለት ጆንያውን ከመስጂዱ አጥር አስደግፎ ከእኛ ጎን ሶፍ ይዞ የሚሰግደውም ይኸው ሰው ነው። ሰላምታ ተለዋውጠን እንለያያለን። እንደ አሳቢ ቆጥሮ ያነጋገረው ስንት ነው?

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። የመጀመሪያው እንግዳ ቆራሌው ይሁን። ሠዓሊው ወይም አርክቴክቱ ይምጣ፣ ግን ለብቻው ንግግር እንዲያደርግ ሳይሆን ከቆራሌው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ እንዲወያይ። ከእንግዶቹ አንዱ በአማርኛ መናገር የማይቀናው ከሆነ በመካከላችን የአፋን ኦሮሞ፣ የስልጥኛ፣ የሶማሊኛ ተናጋሪ ሞልቷል፤ አስተርጓሚ አናጣም። እህቶቻችን በመጋረጃ ወዲያ ሆነው ጥያቄ በወረቀት ብቻ እንዲልኩ የተደረገበት ያለፈው ዓይነት አቀማመጥም እዚህ ላይ አይሠራም። ውኃ የሚቀዳውም፣ እንጨት የሚለቀመውም በአብዛኛው በሴት እጅ ነው፤ ጥያቄውን በራሳቸው አንደበት ይጠይቁ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ገንዘብ። አርቲስትና አርክቴክት ከሰዓት በኋላውን ቢሰጡን ደመወዛቸው አይቀርም። ቆራሌው ግን ያን ቀን ካልዞረ አልበላም። የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል በሐዲስ ታዘናል፤ ስለዚህ የቀኑን ገቢ በሶደቃ መልክ ሳይሆን በክፍያ መልክ፣ ከበር ሳይወጣ ልንሰጠው ይገባል እንላለን። የገንዘብ ክፍላችን “የጀመዓው ገንዘብ ለዳዕዋና ለኢፍጣር ነው፤ ለተናጋሪ ከፍለን አናውቅም” ብሏል። ስጋቱ ይገባናል፤ የተያዘው አማና ነው። ክፍያው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ውይይቶች ብቻ እንዲፈቀድና ከዚያ በኋላ እንዲገመገም የሚል ሐሳብ አቅርበናል።

ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ በሚደረገው የአባላት ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። የምትቃወሙም ኑ፤ በተለይ እናንተ ኑ።